ሐኪሙ ሲመረምር ባለቤቱ የት ይቁም?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ውሻ ወይም ድመት ሲታከም ባለቤቱ አብሮ ምርመራ ክፍል ይግባ ወይስ ውጭ ይጠብቅ? ይህን የውይይት ክር ስከፍት የያዝኩት አቋም ይህ ነበር፦ ለተራ ምርመራና ለክትባት ይግባ፤ ለራጅ ይውጣ፤ ደም ሲቀዳ፣ ጥፍር ሲቆረጥና ቁስል ሲታጠብ እንደ እንስሳው ጠባይ ይወሰን። «ሁልጊዜ» እና «በጭራሽ» የሚሉትን ቃላት ባናስገባ ብዬም ነበር። ማን ሰምቶ! 22 ምላሾች ገብተዋል። ዘግይቶ ለሚመጣ አንባቢ እንዲቀለው በተራ ቁጥራቸው፣ በራሴ አገላለጽ አስፍሬያቸዋለሁ።

1ኛው በትሕትና ነው የገባው። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ብሎ ይጀምርና፣ ባለቤት የሚገባው መጀመሪያ ለመናገር ነው፣ ማጽናናቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል ይላል። ሐኪሙ ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ እንስሳው ደግሞ የት እንዳመመው አይናገርም። ሕመሙ መቼ ጀመረ፣ በቀን ስንት ጊዜ አስመለሰው፣ መጨረሻ የበላው፣ የጠጣውና የሸናው መቼ ነው፣ የትኛውን መድኃኒት በምን ያህል መጠን ወሰደ፤ እነዚህ በወረቀት ተጽፈው ቢመጡ ይመረጣል። እግሩን ለሚያነክስ ውሻ የስልክ ቪዲዮ ይመክራል። ምክንያቱም ክሊኒክ ሲደርስ በድንጋጤ ብዛት ሕመሙን ረስቶ አራቱንም እግሩን ደህና አድርጎ የሚረግጥ ውሻ ብዙ ነው። በማያንሸራትት መሬት ላይ ወደ ካሜራው ሲመጣ፣ ሲርቅና በጎን ሲያልፍ እያንዳንዱን 10 ሰከንድ ያህል መቅረጽ ይበቃል። ለሚጥል በሽታም እንደዚሁ፤ ሐኪሙ ፊት ሲጥለው የሚታየው ከስንት አንዴ ነው።

2ኛው ከዚሁ ተነሥቶ ቁጥር አመጣ። የፈራ እንስሳ ላይ የተወሰደ ልኬት ያሳስታል፤ ባለቤቱ ካረጋጋው መግባቱ ለምርመራውም ይጠቅማል ነው ነጥቡ። የውሻና የድመት ጤናማ የሰውነት ሙቀት በግምት ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው፤ ሲታገልና ሲያለከልክ የቆየ ውሻ ግን ትኩሳት ሳይኖረው ከዚያ ሊያልፍ ይችላል። ድመት ላይ ይብሳል። የደነገጠች ድመት የደም ስኳር በአንድ ዴሲሊትር ከ300 ሚሊግራም ሊበልጥ ስለሚችል፣ ያንን አንድ ልኬት ብቻ አይቶ ኢንሱሊን የጀመረ ሰው ጤነኛዋን ድመት ለሞት ሊያደርሳት ይችላል። ፍሩክቶሳሚን የሚባለው ምርመራ ያለፉትን የአንድና የሁለት ሳምንት አማካይ ስለሚያሳይ የዕለቱ ድንጋጤ አያዛባውም። የደም ግፊት ከሆነ ደግሞ ከሌላው ምርመራ ሁሉ በፊት፣ ጸጥ ባለ ክፍል፣ ድመቷ ከባለቤቷ ጋር ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ከቆየች በኋላ ይለካ ይላል። የሚጠቀለለው ካፍ ስፋት የእግሯን ዙሪያ ከ30 እስከ 40 በመቶ መሆን አለበት፤ ጠባብ ከሆነ ግፊቱን ከፍ አድርጎ፣ ሰፊ ከሆነ ዝቅ አድርጎ ያሳያል። የመጀመሪያው ንባብ ይጣልና ከዚያ በኋላ ያሉት ከ5 እስከ 7 የሚሆኑት አማካይ ይያዛል። ይህን ምላሽ እኔ ከክሩ ጠቃሚዎቹ አንዱ አድርጌ ነው የምቆጥረው።

3ኛው ሰላምታም አልነበረው። ባለቤቶች ማጽናናት የሚሉት ነገር ብዙ ጊዜ ማስጨነቅ ነው ባይ ነው። ፊቱ ላይ ተደፍተው አንገቱን ያንቁታል፤ በቀጭን ድምፅ አይዞህ አይዞህ ይሉታል፤ ገመዱን ወጥረው ይይዙታል። ውሻው ከገመዱ ውጥረት የሚረዳው የሚያስፈራ ነገር መኖሩን ብቻ ነው። በ2020 ኮቪድ በተነሣ ጊዜ በብዙ አገር ባለቤቶች ከክሊኒክ ደጅ ሲቀሩ አንዳንድ ውሾች ከቀድሞው ይልቅ ረጋ ብለው መታየታቸውን ሐኪሞች መናገራቸውን ጠቅሶ፣ ባለቤት ይውጣ ብሎ ደመደመ።

4ኛው «አንዳንድ» ሲባል «ሁሉም» ማለት አይደለም ብሎ መለሰለት። በ2017 የወጣ ጥናት ባለቤታቸው እየዳበሰ ያናገራቸው ውሾች፣ ባለቤቱ አጠገባቸው ዝም ብሎ ከተቀመጠው ይልቅ የልብ ምታቸው ዝቅ ያለ ሆኖ ማግኘቱን አነሣ። ጥናቱ ስለ ተራ ምርመራ እንጂ ደም ስለ መቅዳት እንዳልሆነ ራሱ አክሎበታል፤ ለዚህ ታማኝነቱ ምስጋና ይገባዋል። ዋናው ትችቱ ግን ሌላ ነው፤ ዝም ያለ ውሻ ሁሉ የተረጋጋ አይደለም። ባለቤቱ ሲወጣ ድንጋይ የሚሆን ውሻ በፍርሃት የደረቀ ሊሆን ይችላል። የሚታዩትን ምልክቶች ዘረዘረ፦ የዓይን ነጭ መውጣት፣ ከንፈር መላስ፣ ፊትን ማዞር፣ አንድ የፊት እግርን ማንሣት፣ ሲያለከልክ የነበረ አፍ በድንገት መዘጋት፣ የሚወደውን ምግብ መተው። ድመት ከሆነች ጆሮዋን ታስተኛለች፣ የዓይኗ ብሌን ይሰፋል፣ ጠረጴዛው ላይ የእርጥብ መዳፍ አሻራ ትተዋለች፤ ድመት የምታልበው በመዳፏ ነውና።

5ኛዋ የምትጽፈው እንደ ክሊኒክ ረዳት ነው፤ ክርክሩን ትታ የመቆሚያውን ቦታ አሳየች። ትልቅ ውሻ ጠረጴዛ ላይ አይነሣ፤ በማያንሸራትት ምንጣፍ ላይ ወለል ላይ ይመርመር። ባለቤቱ ከፊት ለፊቱ አይቀመጥ፤ ከትከሻው ጎን ይሁን፤ እጁን ደረቱ ወይም ትከሻው ላይ አድርጎ በረጅሙና በዝግታ ይዳብሰው፤ መታ መታ አያድርገው። ድምፁ ዝቅ ይበል። ገመዱ ይላላ፤ እጅ ላይ ግን አይጠምጠም፤ ውሻው ቢወረወር ጣት ይሰብራልና። ለስላሳ ምግብ በማንኪያ ወይም በሚላስ ንጣፍ ላይ ተቀብቶ መርፌው ከመቅረቡ በፊት ይጀመር፣ መርፌው ከወጣም በኋላ ወደ 10 ሰከንድ ይቀጥል። ምግቡ ከመርፌው ጋር እኩል ከመጣ ውሻው ምግቡን ራሱን የመርፌ ምልክት አድርጎ ይይዘዋል። አንድ ሰው ይበቃል፤ ቤተሰቡ በሙሉ ከገባ ውሻው ማንን እንደሚያይ ግራ ይገባዋል።

6ኛው በዚህ ላይ እርማት አለው፤ ትክክልም ነው። በዚያው ቀን ሰመመን ወይም ማረጋጊያ ሊሰጠው ለሚችል እንስሳ ምግብ አይሰጥም፤ ያስመለሰው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ለስንት ሰዓት ይጹም የሚለውን ክሊኒኩ ይናገራል፤ ቡችላ ግን ስኳሩ ቶሎ ስለሚወርድ እንደ ትልቅ ውሻ ሌሊቱን ሙሉ አይጾምም። ጥንቸል ማስመለስ ስለማትችል፣ አንጀቷም ባዶ ሲሆን ሥራውን ስለሚያቆም እስከ መጨረሻው ትመገባለች። የኦቾሎኒ ቅቤ የሚጠቀሙ ደግሞ ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ እንዳለበትና እንደሌለበት ዕቃው ላይ ያንብቡ፤ ውሻን በትንሽ መጠን ስኳሩን አውርዶ ጉበቱን ይመርዘዋል።

ከ7ኛው ጀምሮ ነገሩ ሞቀ። 7ኛው አቋሙ አንድ ነው፤ ባለቤቱ ይግባ፣ እንስሳውን ግን አይያዝ። መያዝ የሠለጠነ ረዳት ሥራ ነው። ሕመም የነካው ውሻ የሚነክሰው የሚቀርበውን ነው፤ የሚቀርበው ደግሞ ፊቱ ላይ የተደፋው ባለቤት ነው። የድመት ጥርስ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ቀዳዳው ወዲያው ይገጥማል፤ ፓስቱሬላ የተባለው ባክቴሪያ ውስጥ ይቀራል፤ እጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ሊያብጥ ይችላል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል ይጠብ፤ የእንስሳው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ካልታወቀ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂድ። ሐኪሙ ያዝልኝ ብሎት የተነከሰ ባለቤት ክሊኒኩን ሊከስ እንደሚችልም አስታወሰ።

8ኛው ይህን ማስፈራሪያ ነው አለው። ጠባዩን የሚያውቅ ባለቤት ከማያውቀው ረዳት ይሻላል፣ እንግዳ እጅ ሲይዘው ነው የሚነክሰው ብሎ በቁጣ ጻፈ። 9ኛው ቁጣውን በቁጣ አልመለሰም። ነክሶ የማያውቅ ውሻ ማለት እስካሁን በቂ ምክንያት ያላገኘ ውሻ ነው ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘጋውና ወደ አፍ መሸፈኛ ሄደ። የሚሻለው እንደ ቅርጫት የተሠራው ነው፤ ውሻው ውስጡ አፉን ከፍቶ ማለክለክ፣ በቀዳዳውም ምግብ መላስ ይችላል። አፍን አጥብቆ የሚዘጋው የጨርቁ ዓይነት ለአንድና ለሁለት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ውሻ ሙቀቱን የሚያስወጣው በማለክለክ ነውና ሲቆይ ይግላል። አፍንጫው ደፍጣጣ ለሆነ፣ ለሚያስመልስ ወይም ትንፋሽ ላጠረው ውሻ ጨርቁ አይታሰብም። ልምምዱ ቤት ውስጥ ይጀመር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምግቡ ቅርጫቱ ውስጥ ይቀመጥና ውሻው ራሱ አፍንጫውን ያግባ፤ ማሰሪያው አይነካ። ቀጥሎ ለ1 ሰከንድ ታስሮ ይፈታ፣ ከዚያ 5፣ ከዚያ 30፣ ከዚያ ደቂቃዎች። ውሻው በእጁ መፋቅ ከጀመረ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይመለሱ። የሚቸኩሉት በ2ኛው ቀን አጥብቀው ያስሩና ሥራውን እንደገና ከዜሮ ይጀምሩታል። 8ኛው ከዚህ በኋላ አልተመለሰም።

10ኛዋ እስከዚህ ድረስ የተወራው ሁሉ ስለ ውሻ ነው ብላ ቅር ተሰኘች፤ እውነቷን ነው። ለድመት ከባለቤቱ መኖር ይልቅ የመጓጓዣ ሳጥኗ ይወስናል ትላለች። ክዳኑ ከላይ የሚነሣ ሳጥን ይገዛ፤ ከቀጠሮው ሳምንታት ቀደም ብሎ ቤት ውስጥ ክፍት ሆኖ የምትተኛበት ጨርቅ ይነጠፍበት። በዕለቱ ብቻ ከቁም ሣጥን ላይ የሚወርድ ሳጥን ለድመቷ የመጥፎ ቀን ደወል ነው። ሲሸከሙት በእጀታው አንጠልጥለው አያወዛውዙት፤ ከታች በሁለት እጅ ይደግፉት፤ በፎጣ ይሸፍኑት፤ መጠበቂያ ክፍል ወለል ላይ አያስቀምጡት። ድመትን የሚያረጋጋውን የሚረጭ መዓዛ (ፌሮሞን) የሚጠቀም ሰው ድመቷ ከመግባቷ 15 ደቂቃ ያህል ቀደም ብሎ ይርጨው፤ የአልኮሉ ሽታ መጥፋት አለበት። ምርመራ ክፍል ውስጥ ሳጥኑን ገልብጦ ማራገፍ ወይም ማጅራቷን ይዞ ማንጠልጠል የለም። ክዳኑ ይፈታ፣ ድመቷ በታችኛው ግማሽ እንደተቀመጠች፣ ፊቷ በፎጣ ተከልሎ ትመርመር። ባለቤቱ ካለ ከራስጌዋ ይቁምና ዝም ይበል።

11ኛው ከርዕሱ ወጣ ብሎ፣ ከቤት ሲወጡ የሚሰጥ ማረጋጊያ የለም ወይ ብሎ ጠየቀ። 12ኛዋ በሰፊው መለሰችለት። ለድመት ብዙ ጊዜ ጋባፔንቲን፣ ለውሻ ጋባፔንቲን ወይም ትራዞዶን ይታዘዛል። ጋባፔንቲን ከጉዞው ከ2 እስከ 3 ሰዓት ቀደም ብሎ ይሰጣል፤ ልክ ሲወጡ የተሰጠ ክኒን ግን ሥራውን የሚጀምረው ከክሊኒክ ሲመለሱ ነው። መጠኑን የሚወስነው እንስሳውን ያየ ሐኪም ነው፤ ኩላሊቷ የተጎዳ ድመት መጠኑ ይቀነስላታል። ለሰው የተሠራው የሽሮፕ ዓይነት ዛይሊቶል ሊኖርበት ስለሚችል ለውሻ አደገኛ ነው። ከቀጠሮው በፊት አንድ ቀን ቤት ውስጥ ይሞከር፤ ድመቷ ትንገዳገዳለችና ከፍ ያለ ቦታ እንዳትወጣ ትጠበቅ። አሴፕሮማዚን የተባለው ማረጋጊያ ብቻውን ሰውነትን ያደክማል እንጂ ፍርሃቱን አይወስድም ስትል ያስጠነቀቀችው ለብዙዎች አዲስ ይመስለኛል። ሐኪሙም መድኃኒት እንደተሰጠ መስማት አለበት፤ ካልተነገረው መንገዳገዱን ሌላ በሽታ ያደርገዋል።

13ኛው፣ 14ኛውና 15ኛው ስለ ራጅ ተነታረኩ። 13ኛው ባለቤት ከራጅ ክፍል ይውጣ፤ ነፍሰ ጡርና ከ18 ዓመት በታች የሆነ ደግሞ ያለ ምንም ድርድር ይውጣ አለ። 14ኛው የአንድ ራጅ ጨረር ኢምንት ነው ብሎ አፌዘበት። 15ኛው፣ ማለትም ያው 13ኛው፣ ተመልሶ መጣ። አንዱ ራጅ ትንሽ መሆኑን ማንም አልካደም፤ ለተራ ሰው በዓለም አቀፍ ምክረ ሐሳብ የተቀመጠው የዓመት ጣሪያ 1 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ) ሲሆን ለጨረር ሠራተኛ በአማካይ 20 ነው። ችግሩ የያዘው ሰው እጅ ነው። የእርሳስ ሽርጥና ጓንት ከእንስሳው ሰውነት ነጥሮ የሚመጣውን ጨረር ይቀንሳሉ እንጂ ከቱቦው በቀጥታ የሚወርደውን ይከለክላሉ ተብሎ አይታመንም። ርቀትን እጥፍ ማድረግ ጨረሩን ወደ ሩብ ያወርደዋል፤ ስለዚህ ከሁሉም የሚሻለው እንስሳው ማረጋጊያ ተሰጥቶት በአሸዋ ከረጢትና በስፖንጅ ተደግፎ ሰው ሁሉ ከክፍሉ እንዲወጣ ነው። በዚያ ላይ የሚንቀራጠጥ ውሻ ምስሉን ስለሚያደበዝዘው ራጁ ይደገማል፤ ትንሽ የተባለውም ጨረር በዚያው ልክ ይደጋገማል። 14ኛው ሳይስማማ ዝም አለ።

16ኛው ስለ ጥንቸልና በቀቀን ጻፈ፤ ከርዕሱ የራቀ ቢመስልም ወድጄዋለሁ። የጥንቸል የኋላ እግሮች ካልተደገፉ በአንድ ርግጫ ወገቧን ልትሰብር ትችላለች፤ ሁልጊዜ ከበታቿ እጅ ይኑር። በጀርባዋ ተገልብጣ ዝም ስትል ተረጋጋች የሚሉ ተሳስተዋል፤ አውሬ የያዛት መስሏት የደረቀች ናት። ወፍ ድያፍራም የላትም፤ የምትተነፍሰው ደረቷን ወደ ውጭና ወደ ውስጥ በማንቀሳቀስ ነው። ደረቷን ጨብጦ የያዛት ባለቤት በፍቅሩ ያፍናታል። 17ኛው ወደ ከብትና ፈረስ ወሰደን። በግ ብቻውን ሲነጠል ይደነግጣልና አንድ ጓደኛ አጠገቡ ይቁም፤ ውርንጭላ ከእናቱ ዓይን ሳይርቅ ይታከም። ፈረስ የሚይዘው ሰው ሐኪሙ ባለበት ጎን ይቆማል፤ ፈረሱ ሲደነብር ጭንቅላቱን ወደ እነሱ ሲስቡት የኋላ እግሩ ከሁለቱም ይርቃል። በተቃራኒ ጎን ከቆመ ግን ሐኪሙን ለርግጫ አሳልፎ ሰጠው ማለት ነው።

18ኛው ይህ ሁሉ ለእንስሳ ነው ወይ ብሎ አለፈ። ማንም አልመለሰለትም፤ ጥሩ አደረጉ።

19ኛዋ እስካሁን ማንም ያልደፈረውን ነካች፤ እንስሳው ያለ ሥቃይ እንዲሞት የሚሰጠውን የመጨረሻውን መርፌ። በዚህ ጊዜ አጠገቡ መሆን የሚፈልግ ባለቤት የሚያየውን አስቀድሞ ቢያውቅ ይሻላል ብላ ቅደም ተከተሉን በእርጋታ ጻፈችው። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ማረጋጊያ ይሰጥና እንስሳው ይተኛል፤ ከዚያ እግሩ ላይ ካኑላ (መድኃኒት የሚገባበት ቀጭን ቱቦ) ይገባል፤ ፔንቶባርቢታል የተባለው ሕይወት የሚያሳልፍ መድኃኒት በደም ሥሩ ይሰጣል። ወዲያው ራሱን ይስታል፤ ልቡ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይቆማል። ዓይኑ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ጡንቻው ሊንቀጠቀጥ፣ ሽንት ሊያመልጠው፣ ጥልቅ ትንፋሽ የሚመስል ነገር አንድ ሁለት ጊዜ ሊታይ ይችላል፤ በዚያን ጊዜ ምንም አይሰማውም። ሐኪሙ ልቡን በማዳመጫ ሰምቶ እስኪያረጋግጥ መጠበቅ ያስፈልጋል። ባለቤቱ በእንስሳው ራስ በኩል ይቀመጥ፤ ካኑላ ያለበትን እግር አይያዝ፤ ቱቦው ይታጠፋል።

20ኛው ወዲያው ወረደበት። የማይቆይ ባለቤት ከሃዲ ነው አለ። 21ኛዋ በክሩ ውስጥ የታየውን ኃይለኛ መልስ ሰጠችው። ደም ሲያይ የሚወድቅ፣ ጮኾ የሚያለቅስና እንስሳውን የሚያስደነግጥ ሰው ውጭ ቢቆይ ለእንስሳው ደግ ነገር አደረገ እንጂ አልካደውም፤ ማረጋጊያው እስኪይዘው ቆይቶ እንቅልፍ ሲወስደው መውጣትም ይቻላል። ሰውን በጥፋተኝነት አስገድዶ ማስገባት ክፍሉ ውስጥ ሁለተኛ ታካሚ መጨመር ነው አለችው። በዚህ ላይ እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። መጨረሻ ላይ የጣለችው ማስጠንቀቂያ እንዳይረሳ፦ ፔንቶባርቢታል በሬሳው ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ሜዳ የተጣለ ወይም ሳይጠልቅ የተቀበረ ሬሳ የሚበሉትን ውሾችና ጥንብ አንሳዎች ይገድላል።

22ኛው ማን እንደሆነ ብትገምቱ አይደንቀኝም፤ 3ኛው ተመልሶ ነው። ባለቤት ሁሉ ይውጣ ያለውን ወደ «የሚያስጨንቀው ይውጣ» አሻሻለውና አንድ የቀረ ነገር አለ አለ፤ አወጣጡ። ምርመራ ክፍል ውስጥ ከባለቤቱ እጅ ተጎትቶ የሚወሰድ ውሻ ሕክምናው ሳይጀመር ተሸንፏል። ለደም ወይም ለጥፍር ባለቤቱ የማይኖር ከሆነ ቀጠሮ ሲያዝ በስልክ ይነገረው። ርክክቡ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ይሁን፤ ረዳቱ ምግብ እየሰጠ ውሻውን ይዞ ይሂድ፤ ባለቤቱ ረጅም ስንብት አያድርግ። የፈራ ውሻ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ የአንገት ማሰሪያው ከራሱ ላይ ሾልኮ ይወጣል፤ ስለዚህ ሁለት ገመድ ይታሰር፤ አንዱ በአንገቱ፣ ሌላው በደረቱ ማሰሪያ ላይ፤ የባለቤቱ ገመድ የሚፈታውም የረዳቱ ከታሰረ በኋላ ነው። የውጭው በር ደግሞ ይዘጋ።